የኢም መንደር ታሪክና መታሰቢያዎቿ

ስለ ታላላቅ ከተሞችና ስለ ነገሥታት ቤት ብዙ ተጽፏል። የትንሽ መንደር ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቃብር ድንጋይና ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ በቀር ጸሐፊ አያገኝም። ይህም ሆኖ አንዳንድ ጊዜ አንዲት መንደር ለታላላቆቹ ከተሞች ትምህርት የሚሆን ሥራ ሠርታ ትገኛለች። ከነዚህም አንዷ በእንግሊዝ አገር በዳርቢሽር አውራጃ ያለችው፥ ኢም የምትባለው መንደር ናት። አንባቢዎች ሆይ፥ በዚህ በደብር መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሩቅ አገር መንደር መጻፋችን እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ። ክፉ ቀን ሲመጣ ካህንና ሕዝብ እንዴት አብረው እንደሚቆሙ የሚያሳይ ታሪክ፥ ለየትኛውም ደብር ሩቅ አይደለምና። ከዚህ በታች የተጻፉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አገሩና ስለ ስሟ

ኢም ከሸፊልድ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፥ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ኮረብታማ አገር፥ በተዳፋት ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ቤቶቿ ከአገሩ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ በዙሪያዋም በድንጋይ ካብ የተከለለ የበግ መስክ ይገኛል። ስሟ በጥንቱ የእንግሊዝ ቋንቋ «ደሴት» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ይኸውም በወራጅ ውኆች መካከል ያለ ቦታ ማለት እንደ ሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። በመጽሐፍ ሲጻፍ «ኢያም» የሚያሰኝ ቢሆንም፥ የአገሩ ሰዎች አሳጥረው «ኢም» ይሏታል። ንጉሥ ዊልያም አገሩን ከያዘ በኋላ በ1086 ዓመት ባስጻፈው ታላቅ የርስት መዝገብ ውስጥ ስሟ ይገኛል። ዛሬ የሚኖርባት ሰው አንድ ሺህ ያህል ነው።

በዚያ ኮረብታማ አገር ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የእርሳስ ማዕድን ይቆፈር ነበር። የኢምም ሰዎች ለብዙ ዘመን የኖሩት በእርሻ፥ በበግ እርባታና በእርሳስ ቁፋሮ ነው፤ ኋላም ሐር መሸመንና ጫማ መሥራት ተጨመረላቸው። በመንደሩ አደባባይ የጥፋተኛ እግር ይጠረቅበት የነበረው ግንድ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ላውሬንስ ስም የተሰየመ ነው። በግቢው ውስጥ ከሕንፃው የሚቀድም አንድ የድንጋይ መስቀል ቆሟል፤ ይኸውም በ8ኛው ወይም በ9ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ነው። በላዩ መላእክት፥ ሕፃኑን የታቀፈች እመቤታችንና የወይን ሐረግ ተቀርጸውበታል። ከዘመን ብዛት የተነሣ ከምሰሶው አንዱ ክፍል ስለ ጠፋ፥ ራሱ ባጠረው ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ይታያል። እንዲህ ያለ መስቀል ከነራሱ መገኘቱ በእንግሊዝ አገር ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ስለ ሆነ፥ መንደሩ እንደ ታላቅ ሀብት ይጠብቀዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይም በ1775 የተሠራ የፀሐይ ሰዓት አለ፤ የመንደሩን ሰዓት ብቻ ሳይሆን በሩቅ አገር ያሉ ከተሞች ቀትር መቼ እንደሚሆንባቸው ጭምር ያሳያል።

ነገር ግን ወደ ኢም የሚሄድ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መስቀሉ ወይም ስለ ሰዓቱ አይደለም፤ በ1665 እና በ1666 ስለ ሆነው ነገር ነው።

ስለ ሁለቱ ካህናት

የመከራውን ነገር ከመናገራችን በፊት፥ በመንደሩ የነበረውን መለያየት ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1642 ጀምሮ በእንግሊዝ ንጉሥና በምክር ቤቱ መካከል ጦርነት ተነሥቶ ነበር። በ1649 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በሞት ተቀጡ፤ በ1660 ደግሞ ልጃቸው ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ተመልሰው በዙፋን ተቀመጡ። ይህ የመንግሥት መለዋወጥ እስከ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ድረስ ዘለቀ። በ1662 የወጣው ሕግ ካህናት ሁሉ በታዘዘው በአንድ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ እንዲያገለግሉ አስገደደ። ከ1660 እስከ 1662 ባሉት ዓመታት ሁለት ሺህ ያህል ካህናት ከቦታቸው ተነቀሉ።

ከተነቀሉትም አንዱ ቄስ ቶማስ ስታንሊ ነበሩ። ከ1644 ጀምሮ በኢም ያገለገሉ፥ የምክር ቤቱን ወገን ይደግፉ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1664 ለደብሩ የተሾሙት ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን ግን ከንጉሡና ከአዲሱ ሥርዓት ወገን ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ወደ መንደሩ የመጡትም ካተሪን ከምትባለው ባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋራ ነበር። የሕዝቡ ልብ ግን ወደ ቀድሞው ካህን ያደላ ስለ ነበረ፥ ለአዲሱ ካህን ነገሩ ቀላል አልሆነላቸውም። በ1665 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፤ እርሱም የተነቀለ ካህን የታዘዘውን መሐላ ካልፈጸመ ቀድሞ ካገለገለበት ደብር እስከ አምስት ማይል ድረስ እንዳይቀርብ የሚከለክል ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ካህናት የተለያዩት በጸሎት መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ደም በፈሰሰበት በመንግሥት ነገርም ጭምር ነው።

ስለ ቸነፈሩ

በ1665 በሎንዶን ከተማ ታላቅ ቸነፈር ገባ። በዚያው ዓመት በከተማው መዝገብ የተጻፉት የቸነፈሩ ሙታን ብቻ ከ68 ሺህ በላይ ናቸው። በኦገስት ወር መጨረሻ ገደማ፥ አሌክሳንደር ሃድፊልድ ለሚባል ለኢም ልብስ ሰፊ ከሎንዶን አንድ ሣጥን ጨርቅ ተላከለት። ጆርጅ ቪከርስ የሚባለው ረዳቱ ሣጥኑን ቢከፍተው ጨርቁ እርጥብ ሆኖ አገኘውና፥ ይደርቅ ዘንድ በእሳት ፊት ዘረጋው። ጥቂት ቀኖች ሳያልፉ ታመመ፤ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1665 ተቀበረ። የልብስ ሰፊው ሚስት ሁለት ልጆችዋን፥ ኋላም ባሏን በዚሁ ደዌ አጣች። በሽታው ከዚያ ቤት ወደ ጎረቤት፥ ከጎረቤትም ወደ ጎረቤት ተዛመተ፤ ዓመቱ ሳያልቅም 42 ሰዎች ሞቱ።

በዚያ ዘመን የቸነፈር ምክንያት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ግማሹ የተበላሸ አየር ነው ይል ነበር፤ ግማሹም የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይል ነበር። የበሽታውን ተዋስያን አሌክሳንደር ይርሲን የሚባሉት ሐኪም በሆንግ ኮንግ ያገኙት በ1894 ነው፤ ከዚያም ወዲህ ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቁንጫ መሆኑ ታወቀ። በጨርቁ ውስጥም ቁንጫ ሳይኖር እንዳልቀረ ብዙዎች ይገምታሉ።

በብርዱ ወራት ደዌው ጋብ ብሎ ነበር፤ በ1666 ሙቀቱ ሲመለስ ግን እንደ ገና በረታ። ብዙ ሰዎችም ዕቃቸውን ሸክፈው ለመሸሽ ተነሡ። ሁለቱን ካህናት አንድ ላይ ያቆማቸው ይህ ነገር ነው።

ስለ ቃል ኪዳኑ

ቄስ ሞምፐሰን ሕዝቡ ቢበተን ቸነፈሩ በአካባቢው ወዳሉት መንደሮችና ከተሞች ሁሉ እንደሚዛመት አሰቡ። ሕዝቡ የእርሳቸውን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደማይቆም ግን አላጡትም። ስለዚህ ከቦታው ወደ ተነቀሉት ወደ ቄስ ስታንሊ ሄደው ምክርና ረዳትነት ለመኑ። ስታንሊም እሺ አሉ። የሕጉን መጽሐፍ ብንመለከት፥ አንዱ ካህን በሥልጣናቸው የተቀመጡ፥ ሁለተኛው ግን የተሻሩ ነበሩ፤ ቢሆንም በጁን ወር 1666 አብረው ሆነው ለሕዝቡ ሦስት ነገር አሳሰቡ።

መጀመሪያ፥ ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ መካነ መቃብር የሚቀበር እንዳይኖርና ቤተ ሰብ ሁሉ የሞተበትን በየግቢውና በየእርሻው እንዲቀብር ነበር። ሁለተኛ፥ ሕዝቡ በአንድ ጣራ ሥር እንዳይታፈን፥ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎቱ ከክለት ዴልፍ በሚባለው ሸለቆ በሜዳ ላይ እንዲደረግና ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተራርቆ እንዲቆም ነበር። ሦስተኛውም ከሁሉ የከበደው ነው፤ ይኸውም ቸነፈሩ እስኪያልፍ ድረስ ማንም ከመንደሩ ድንበር እንዳይወጣ፥ ማንም ከውጭ እንዳይገባ የሚል ነበር።

ለቀባሪ የሙታን መካን፥ ለአማኝ ቤተ ክርስቲያን፥ ለሕይወቱ ለሚሳሳ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ራሱ ይገምተው። ሕዝቡ ግን ተቀበለው። በአቅራቢያው በቻትስዎርዝ ይኖሩ የነበሩት የዴቨንሽር መስፍንም፥ መንደሩ ቃሉን እስከ ጠበቀ ድረስ ስንቅ እንልካለን ብለው ተስፋ ሰጡ፤ ፈጸሙትም።

ስለ ድንበሩ ድንጋይና ስለ ምንጩ

በኢምና ስቶኒ ሚድልተን በምትባለው ጎረቤት መንደር መካከል፥ በመስኩ ላይ አንድ ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ላይ ጉድጓዶች ተፈልፍለውበታል። የኢም ሰዎች የሚገዙትን እህል ዋጋ በነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ኾምጣጤ አፍስሰው ያኖሩት ነበር፤ ኾምጣጤው ገንዘቡን ከደዌ ያነጻል ብለው ያምኑ ነበርና። ጎረቤቶቻቸውም ስንቁን አስቀምጠው ገንዘቡን አንሥተው ይሄዱ ነበር። ከመንደሩ በላይ በስተሰሜን ደግሞ ዛሬ «የሞምፐሰን ምንጭ» የሚባል ውኃ አለ። በዚያ ገንዘቡን የሚያነጻው የሚፈስሰው ውኃ ነበረ። ያ ድንጋይ ሰው ሁሉ ሊሻገረው የሚችል ነው፤ በመንደሩም ዙሪያ ግንብ አልነበረም። ድንበሩን ያጸናው የተሰጠው ቃል ነው።

ስለ ሙታኑ

በ1666 የኦገስት ወር ከሁሉ የከፋ ሆነ፤ በዚያ ወር ብቻ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ በራይሊ እርሻ የምትኖር ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት ከኦገስት 3 እስከ 10 ቀን ድረስ ባሏንና ስድስት ልጆችዋን አጣች። የሚረዳት ሰው ስላልነበረ ሁሉንም በገዛ እጅዋ ቀበረቻቸው። እርስዋ ራስዋ ግን በደዌው አልሞተችም፤ ኋላም በሸፊልድ ወዳለው ወደ ተረፈላት ልጅዋ ሄደች። መቃብራቸው በክብ የድንጋይ ካብ ተከብቦ እስከ ዛሬ በኮረብታው ላይ ይታያል። በኢም ካሉት መታሰቢያዎች ሁሉ የሚያየውን ሰው አብዝቶ ዝም የሚያሰኘው ይህ ነው።

ማርሻል ሃው የሚባል ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ታምሞ ስለ ዳነ፥ ደዌው ዳግመኛ አይነካኝም ብሎ ቀባሪ የሌላቸውን ሙታን ይቀብር ነበር፤ ለድካሙም ከሟቹ ዕቃ ይወስድ ነበር ይባላል። ሚስቱና ልጁ ግን ሞቱበት። እንግዲህ በዚያ መንደር የነበሩት ሁሉ ቅዱሳን አልነበሩም፤ የምንጽፈው እንደኛ ስላሉ ሰዎች ነው።

የቄስ ሞምፐሰን ባለቤት ካተሪን ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት ልጆችዋ ወደ ዮርክሽር ሲላኩ፥ አብራቸው እንድትሄድ ብትለመን ባሌን ትቼ አልሄድም ብላ ቀርታ ነበር። ከባልዋ ጋራ በሽተኞችን ስትጠይቅ ቆይታ ኦገስት 25 ቀን 1666 በ27 ዓመትዋ ሞተች። መቃብርዋ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፥ ከጥንቱ መስቀል አጠገብ ነው።

በጸሎቱ ሸለቆ ስለ ነበሩ ሁለት ተፋቃሪዎችም የሚነገር አለ። ኤሞት ሲዳል የምትባለው ልጅ የኢም፥ ሮላንድ የሚባለው እጮኛዋ የስቶኒ ሚድልተን ሰው ነበሩ፤ በሸለቆው ወዲያና ወዲህ ሆነው በሩቅ ይተያዩ ነበር፥ እርስዋ ግን በኤፕሪል 1666 ሞታ ቀረች ይባላል። የልጅቱ ሞት በመዝገብ የተጻፈ ነው፤ የቀረው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ ነው። ዊልያም ውድ የሚባለው የመንደሩ ታሪክ ጸሐፊ ከሽማግሎች የሰማውን ሰብስቦ በ1842 በመጽሐፍ አሳትሞታል።

ስለ ቍጥሩና ስለ ክርክሩ

የመጨረሻው ሰው የሞተው ኖቬምበር 1 ቀን 1666 ነው። ቄስ ሞምፐሰን በዚያው ወር በጻፉት ደብዳቤ 76 ቤተ ሰቦች በደዌው እንደ ተጎበኙና 259 ሰዎች እንደ ሞቱ ይናገራሉ። ቀድሞ የነበሩ ጸሐፊዎች የመንደሩ ሕዝብ 350 ብቻ እንደ ነበረ፥ ከዚያም ከአንድ መቶ በታች እንደ ተረፈ ይጽፉ ነበር። የምድጃ ግብር መዝገብንና የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ የመረመሩ የቅርብ ዘመን ሰዎች ግን ሕዝቡ እስከ 800 ሳይደርስ እንዳልቀረ አስረድተዋል። ይህም ቢሆን በአሥራ አራት ወር ከሦስት ሰው አንዱ ሞተ ማለት ነው።

ሌላም ክርክር አለ። በ2016 የታተመ የሊቃውንት ጥናት መዝገቡን በስሌት መርምሮ፥ በኢም ከአራቱ በሽተኞች ሦስቱ ያህል ደዌውን የተቀበሉት ከሰው እንጂ ከአይጥ አለመሆኑን ገልጿል። ይህ እውነት ከሆነ፥ ሰዎቹ ሳይበተኑ አብረው መቆየታቸው ጎረቤቶቻቸውን ሲያድን እነርሱን ራሳቸውን ሳይጎዳ አልቀረም። አንዳንድ ባለጠጎች አስቀድመው ሸሽተው ነበር፤ ካህኑም የገዛ ልጆቻቸውን አስቀድመው አሽሽተዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች፥ ድኻው ሊከፍል የማይገባውን ዋጋ ከፍሏል ይላሉ። ይህን ጥያቄ አቃልሎ ማለፍ ለሙታኑ ክብር አይሆንም።

ነገር ግን ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፥ ቸነፈሩ ወደ ጎረቤት መንደሮች አልተዛመተም። ሁለተኛ፥ ካህኑ ሕዝቡን አስረው እርሳቸው አልሸሹም፤ ከሕዝቡ ጋራ ቀሩ፥ ባለቤታቸውንም በዚያ ቀበሩ። ልጆቻቸውን ማዳናቸው የአባት ድካም ነው፤ መቅረታቸው ግን የእረኛ ሥራ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው

ቄስ ሞምፐሰን በ1669 በኖቲንግሃምሽር ወዳለችው ወደ ኢክሪንግ ደብር ተዛወሩ። የዚያ አገር ሰዎች ቸነፈሩን ይዘውብን ይመጣሉ ብለው ስለ ፈሩ፥ ከመንደሩ ውጭ በጎጆ ለጊዜው እንዲቀመጡ አደረጓቸው ይባላል። ለሌሎች መንደሮች ብለው በድንበር የተዘጉ ሰው ዳግመኛ በድንበር ውጭ መቀመጣቸው የሚያሳዝን ነው። በ1709 ዐረፉ።

ቄስ ስታንሊም በ1670 እዚያው በኢም ዐረፉ። መከራው ካለፈ በኋላ አንዳንድ ሰዎች ከመንደሩ ይባረሩልን ብለው ወደ ዴቨንሽር መስፍን አመልክተው ነበር፤ መስፍኑ ግን ይህ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊባረር አይገባውም ብለው እንደ መለሱ ይተረካል። የሞምፐሰን ስም በብዙ መጻሕፍት ሲነሣ የስታንሊ ስም ለረጅም ዘመን ተሸፍኖ ቆየ። ዛሬ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለእርሳቸውም የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላቸዋል።

ስለ መታሰቢያዎቹ

ዛሬ በመንደሩ ውስጥ የሚዘዋወር ሰው በየቤቱ ደጅ በዚያ ቤት የሞቱትን ሰዎች ስም የሚናገር ጽሕፈት ያያል። የልብስ ሰፊው ቤት የነበረበት ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። ጥቂት አለፍ ሲባል ቸነፈሩ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራይት ቤተ ሰብ ያሠራው ኢም ሆል የሚባል ትልቅ ቤት አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም የመከራውን ታሪክ የሚያሳይ ባለ ቀለም የመስተዋት መስኮት በ1985 ተሠርቷል። በ1994 ደግሞ ታሪኩን ለሚመጣው ትውልድ የሚያስረዳ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በ1742 በዚህ መንደር የተወለደችው ባለ ቅኔዋ አና ሴዋርድም የመንደርዋን መከራ ለውጭው ዓለም ካስታወቁት አንዷ ናት።

ቸነፈሩ ሁለት መቶ ዓመት በሞላበት በ1866 ሕዝቡ የመታሰቢያ በዓል አደረገ። ከዚያ ወዲህ «የቸነፈር እሑድ» የሚባለው በዓል ይከበራል፤ ዛሬ የሚውለውም በኦገስት ወር መጨረሻ እሑድ ነው። በዚያን ቀን ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቶ በሰልፍ ወደ ከክለት ዴልፍ ሸለቆ ይወርዳል፤ አባቶቹ በጸለዩበት በዚያው ሣር ላይ ቆሞ ይጸልያል።

እንግዲህ ከዚህች ትንሽ መንደር ታሪክ የምናገኘው ምንድን ነው? ሞምፐሰንና ስታንሊ ስለ ጸሎቱ መጽሐፍ ተስማምተው አያውቁም። የለያያቸውም ሕግ አልተሻረም ነበር። ክርክራቸው እስኪያልቅ ድረስ ቢጠባበቁ ኖሮ፥ ሕዝቡ ተበትኖ፥ ደዌውም ከመንደር ወደ መንደር ሄዶ ነበር። እነርሱ ግን ክርክሩን ባለበት ትተው በሕዝቡ ፊት ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሕዝቡም ሁለቱን አብረው ባየ ጊዜ የማይቻለውን ቻለ። ዛሬ የአንዱን ስም የያዘ ምንጭ፥ የሁለተኛውን ስም የያዘ ድንጋይ በአንድ ደብር ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ መንገደኛም ሁለቱን አይቶ ያልፋል።